በጣም አንድ ነኝ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ሪሀናን ሄድፎኗን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች አቁሜያት ነው የሄድኩት። ምን ላድርግ፣ ጉልበቴን አሞኝ ነበር። ስቱዲዮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመት አልፎታል፣ እኔ ደግሞ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚህ በላይ ምክንያት የሚፈልግ አንባቢ ይምጣና ደረጃውን ይሞክረው።

ዛሬ ገና ለምታገኙኝ፣ አሰገደች እባላለሁ። ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ በላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ለውጭ ድራማ የአማርኛ ድምፅ እናለብሳለን። እኔ መቅረጫው ላይ ተቀምጬ «ድገሚው»፣ «ከአፉ አለፈ»፣ «ውሃ ጠጥተህ ተመለስ» ስል ነው የምውለው። ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምንበት ተከታታይ «መርከብ ዘጠኝ» ይባላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ነው፤ ሰዎች በጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ ይዞራሉ። የመርከቡ ግድግዳ ካርቶን መሆኑ ሰው ሲደገፈው ያስታውቃል። ከሌላ ዓለም የሚመጡት ጠላቶች ራሳቸው ላይ የብረት ወንፊት ደፍተዋል።

ንግግሩማ ባይነሳ ይሻላል። ካፒቴን ቫርጎ የሚባለው ሰውዬ መርከቡ በእሳት ተያይዞ እያለ ወደ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ኦሊና ዞሮ፣ «ዶክተር፣ አንቺን ሳይ የኦክስጅን መለኪያዬ ቀይ ያበራል» ይላታል። እሷም በየክፍሉ የማትለቃት አንዲት አባባል አለቻት፤ «ካፒቴን፣ ይህ ከሕክምና አንጻር የማይቻል ነው!» እሱ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ፣ «እንግዲያው የሚቻለውን ንገሪኝ፣ ዶክተር!» ይላል። መቶ አራት ክፍል ነው ይኼ። መቶ አራት!

ዶክተር ኦሊናን በአማርኛ የምትናገረው ሪሀና ናት። አባቷ ሐጂ ጣሃ ወሎ ተወልደው ሾላ ገበያ ያደጉ ነጋዴ ናቸው፤ ሦስት የጥራጥሬና የቅመም ሱቅ አላቸው፣ ቦሌ ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት። ልጃቸው እኛ ጋ እንድትሠራ የፈቀዱት «ፊቷ አይታይም» ስለተባሉ ነው። ካፒቴኑን የሚናገረው ሰዲቅ ነው። ሰዲቅ ሥራው ትርጉም ነበር፤ የካፒቴኑ ድምፅ የነበረው ልጅ አርባኛው ክፍል ላይ ጥሎን ሲሄድ ሌላ ሰው አጣንና ማይኩ ፊት አቆምነው። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ከእናቱ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። በሁለት ታክሲ ይመጣል፣ በሁለት ታክሲ ይመለሳል።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፣ መዘዙ ሁሉ ከሱ ነው። ተርጓሚው ቃሉን በተዋናዩ አፍ ልክ ይሰፋዋል፤ አፉ ሲከፈት ይጀመራል፣ ሲዘጋ ያልቃል። ከዚያ የሁሉንም ንግግር ብቻውን ቁጭ ብሎ ያነበዋል፤ መሪ ድምፅ እንለዋለን። ተናጋሪዎቹ አንድ በአንድ ይገቡና መሪ ድምፁን በሄድፎን እየሰሙ የየራሳቸውን ይናገራሉ። ሁለት ሰው አብሮ ገብቶ አያውቅም፣ ክፍሏ ቁም ሳጥን ነው የምታክለው። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዲቅ በሪሀና ጆሮ ውስጥ ሲያፈቅራት ኖሯል፣ ያውም በካፒቴን ቫርጎ ቃል። ደረጃው ላይ ሲገናኙ ግን «ሰላም ነሽ?»፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» ብቻ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው በአንድ ጃንጥላ እስከ ታክሲው ሄደዋል፤ በማግስቱ ሁለቱም ጉንፋን ይዟቸው መጡ፣ ጃንጥላውን ማን እንደያዘው እንጃ። እኔ ሠላሳ ዓመት በጆሮዬ እንጀራ የበላሁ ሴት ነኝ። ሰው ሲዋደድ ድምፁ ላይ ይሰማኛል።

እና ባለፈው እንዳልኳችሁ፣ ለሪሀና እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። የሚጠይቃት ኢሳ ይባላል፤ ነጋዴ ነው፣ አባቱ የሐጂ ጣሃ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው።

ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍል ልንቀርጽ ገባን። የምንቀርጸው ጋራዦቹ ምሳ ሲወጡ ነው፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል፤ በሌላው ሰዓት የቆርቆሮው ድብደባ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ሪሀና ሂጃቧን ከሄድፎኑ ሥር አስተካክላ ቆመች። ስክሪኑ ላይ ካፒቴን ቫርጎ ኮፍያውን አወለቀ፣ ኦሊናን አያት፣ አፉንም ከፈተ። ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ አፉ ተንቀሳቀሰ። መሪ ድምፁ ላይ ግን የሰዲቅ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«እትዬ አሴ፣ ተቋረጠብኝ» አለች ከውስጥ።

«አልተቋረጠም» አልኳት። ስክሪፕቱን ሳየው ከካፒቴኑ ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዞርኩ። ሰዲቅ ከኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። «የት አለ ቃሉ?»

«አልመጣልኝም።»

«ኦርጅናሉ ምን ይላል?» አለች ሪሀና። በመስታወቱ ታየናለች፣ ድምፃችንም ይደርሳታል።

«የማይረባ ነገር ነው የሚለው። በአማርኛ ቢባል ሰው ይስቅብናል።»

«መቶ ሦስት ክፍል ሲሳቅብን አልከረመም? ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

ሄድፎኗን አውልቃ አስቀመጠችና በሩን ከፍታ ወጣች። እኔ ከወንበሬ ልነሳ አልኩና ጉልበቴ እንቢ አለኝ፤ ደግነቱም ሰበብ ሆነኝ፣ መቅረት ፈልጌ ነበር።

«እሑድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምተሃል» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ለኢሳ።»

«አውቀዋለሁ። እኛ ሰፈር ሕንፃ እያሠራ ነው። ከመስኮቴ ይታየኛል፤ በየሳምንቱ አንድ ፎቅ ይጨምራል።» ድምፁ ደክሞታል፣ ሁለት ታክሲ የሚሳፈር ሰው ድምፅ። «ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።»

«ስለ ኢሳ መቼ ጠየቅኩህ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ ሪሀና? ማንን ልላክ? አባቴ የለም። አጎቴ ሚኒባስ ነው የሚነዳው። አባትሽ ሳሎን ገብቶ ምን ይበል፤ ‹ልጃችን ወንፊት ለደፉ ሰዎች ንግግር ይጽፋል› ይበል?»

«እሱን አጎትህ ይጨነቅበት። እኔ ያንተን ነው የምጠይቅህ።» ድምጿ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሥራዋ ነዋ። «በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው። አንተም ታውቀዋለህ፣ እናንተም ቤት እንደዚያው ነው። እሑድ አባቴ ይጠይቀኛል፤ ዝም ካልኩ አለቀ። እሺ፣ የሴት ዝምታ እሺ ከሆነ የወንድ ዝምታ ምንድን ነው? ተርጓሚ አይደለህ? እስቲ ተርጉምልኝ!»

ሰዲቅ አፉን ከፈተ፣ እንደ ካፒቴኑ ከፍቶት ቆየ፣ መልሶም ዘጋው። ታች ጋራዥ አንዱ ከምሳ ቀድሞ ተመለሰና ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ሪሀና ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ አሴ፣ እሑድ እናቴ ጋ መጥተው ቢቀመጡልኝ? አንድ የማውቀው ሰው ይኑር።»

«እመጣለሁ» አልኳት። ሰዲቅን ሳትሰናበተው ወረደች። ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋን ድምፅ አራቱንም ፎቅ ሰማሁት፤ በየፎቁ ትንሽ ትቆም ነበር፣ የሚጠራት ካለ ብላ ነው። የጠራት የለም።

ከዚያ በሰዲቅ ላይ ተነሳሁበት፣ ከነጉልበቴ።

«አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ነህ?»

ቦርሳውን ከፈተና ወረቀት አወጣ። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፎት አሥራ አንዴ ሰርዞታል። አንብብ አልኩት፣ አነበበ። «የሕይወቴ ጎዳና በአንቺ ብርሃን...» የሚል አለ። «ዘላለም በዓይንሽ ውስጥ...» የሚል አለ። ቆንጆ ነው፤ ለሐውልት የሚጻፍ። አንዱም ሪሀናን አያውቃትም።

«ኦርጅናሉ ምንድን ነው የሚለው?» አልኩት።

አፈረ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ጆሮው ቀላ። «‹ዶክተር፣ ሰማይ በጣም ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ በጣም አንድ ነኝ። ነይ፣ ሁለት እንሁን።› በጣም አንድ ይባላል እንዴ፣ እትዬ? የሞኝ ንግግር ነው።»

«እና አንተ ሞኝ አይደለህም?»

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው።

«ስማ። ባለቤቴ ዘርአጽዮን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የድምፅ ቴክኒሻን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለኝ ምን መሰለህ? ‹አሰገደች፣ አንቺ ድምፅ ላይ ጫጫታ የለም።› በቃ፣ ይኼው ነው! ለጓደኞቼ ነግሬያቸው በሳቅ ሞቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በየቀኑ የምሰማት እሷኑ ነው። ብልጥ ነገር የተናገረኝ ወንድ ሁሉ ስሙም ጠፍቶኛል።» ፊቴን ወደ መቅረጫው አዙሬ ተቆጣሁ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ሰምተሃል? አንተ ደጃዝማችነትም አልጠየቅክ፤ አንዲት ልጅ ናት። አጎትህን የምትልክ ከሆነ ላክ። የምትፈራ ከሆነ ደግሞ ራስህ አባቷ ሱቅ ሂድና በእግርህ ቁም።»

«ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለ። እኔም ሞኝ፣ አመንኩት።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። እጁ ላይ ትልቅ ፌስታል አንጠልጥሏል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምስር ክክ።»

«ሐጂ ጣሃን አገኘሃቸው?»

«አገኘኋቸው። ራሳቸው ናቸው የመዘኑልኝ።» ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። «ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ያለውን አሳለፍኩት። ሁሉንም አሳለፍኩና ብቻዬን ቀረሁ። ‹ምን ልስጥህ?› አሉኝ። ‹ምስር የዘንድሮ ነው?› አልኳቸው።»

«የዘንድሮ ነው?»

«አዎ፣ የዘንድሮ ነው አሉኝ። አንድ ኪሎ አልኩ። መዘኑና ቀና ብለው አዩኝ። ‹ሌላስ?› አሉኝ። አንድ ኪሎ ጨመርኩ። ‹ሌላስ?› አሉኝ። እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ‹ሌላስ?› አሉኝ። ሦስት ጊዜ ምስር ጨመርኩ።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ልስቅም ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። በልብ ሞልቶ የተረፈውን አፍ ይናገራል ይባላል፤ የዚህ ልጅ ልብ ክዳን አለው። አራት ኪሎውን ምስር አቅፎ፣ የሚነዳው አጥቶ እንደቆመ ሚኒባስ ተቀመጠ።

«አለቀ» አለ። «ነገ ትሰጣለች። ለእሷም ይሻላታል።»

ደክሞኝ ነበር፣ የሱም ድካም ተጨመረብኝ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ቦሌ ሐጂ ጣሃ ቤት ደረስኩ። ሳሎኑ በሽማግሌ ተሞልቷል፣ ነጭ ኮፍያ በነጭ ኮፍያ። የሪሀና እናት ወይዘሮ ሐሊማ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡኝ፣ ሻይና ሳምቡሳ አቀረቡልኝ፣ «ባዶውን ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ይብሉ» አሉኝ። ሪሀና አልጋው ጫፍ ላይ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። እጇን ያዝኩት፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆኗል።

«ደውሎልሻል?» አልኳት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች። አልደወለም።

ከሳሎን የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል። ስለ ዝናቡ ተናገሩ፣ ስለ አገር ቤት ተናገሩ፣ ስለ መቃረብ ተናገሩ፣ ሁሉም በወጉ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ሐጂ ጣሃ ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው ሥር የጠቆረ ሰው ናቸው። በሩን ዘጉት። ኮፍያቸውን አውልቀው ከልጃቸው ጎን አልጋው ላይ ተቀመጡና ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ኮፍያውን ሲያወልቁ እንዴት ደክሟቸው እንደዋለ ታየኝ።

«ሪሀና» አሉ ቀስ ብለው። «ሳሎን የተቀመጠው የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ልጁ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ሠርቶ አዳሪ ነው። እኔ ክፉ አላየሁበትም። ፈቃዱ ግን ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም። ዝም ካልሽ እሺ ብላለች ብዬ እወጣለሁ። ካልሆነ ተናገሪ።»

ሪሀና አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ቁም ሳጥን ውስጥ ስትጮህ፣ ስታለቅስ፣ መርከብ ሲፈነዳ ስትናገር የሰማኋት ልጅ ድምፅ አጣች። ሐጂ ጣሃ ጠበቁ። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ወይዘሮ ሐሊማ ሻርፓቸውን ጨበጡ። እኔ በልቤ፣ ተናገሪ፣ ተናገሪ፣ እመብርሃን አስናግሪያት እላለሁ፣ በሰው ቤት ሆኜ። ሐጂ ጣሃ ተነፈሱና ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ተነሱ። እጃቸው የበሩን እጀታ ያዘ።

«ይህ ከሕክምና አንጻር የማይቻል ነው!»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ያውም በዶክተር ኦሊና ድምፅ፣ ከነኩራቷ። የራሷን ቃል ስትፈልግ አጥታው የተረፋት እሱ ብቻ ነበር መሰለኝ። ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ሐሊማ «ያ አላህ!» አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐጂ ጣሃ በሩን እንደያዙ ቆዩ። ጀርባቸው ነው የሚታየን። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ተቆጡ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ዞሩ፣ ደረታቸውን ትንሽ ነፋ አደረጉና፣

«እንግዲያው የሚቻለውን ንገሪኝ፣ ዶክተር» አሉ።

ሪሀና ማልቀስ ጀመረች።

«አንተ!» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ። «ዓይኔን ያመኛል፣ ቴሌቪዥን አላይም የምትለው ሰውዬ!»

«ቤት አላይም» አሉ ሐጂ። «ሱቅ ነው የማይ። ልጄን ካልሰማሁ ምን ልሰማ ነው?» ተመልሰው ተቀመጡ። «አንድም አላመለጠኝም። ሰዉ ሲስቅ እኔ አልስቅም፤ የሷ ድምፅ እስኪመጣ ነው የምጠብቀው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «ካፒቴኑ ነው፣ አይደል?»

ሪሀና በእንባ መሀል አየቻቸው። «እንዴት አወቅክ፣ አባ?»

«ትናንት ሱቅ መጥቶ ነበር። ‹ምስር የዘንድሮ ነው?› ሲለኝ ድምፁን አወቅኩት። ምስር ልግዛ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው የሚያሳልፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ይናገር ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት። ምስር ጨመረብኝ።» ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። «እንግዲህ እኔ ወጥቼ ጓደኛዬን አሳዝነዋለሁ። ቀላል አይምሰልሽ። ካፒቴኑ ግን ይናገር። አራተኛ አልጠይቀውም። ከመጣ ወጉን ይዞ፣ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ። ምስር ግን አይግዛ።»

ወጡ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «አላህ የፈቀደው ይሁን» ሲል ሰማሁ። ሪሀና አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች፤ እኔም፣ ለምን ልዋሽ፣ አብሬያት አለቀስኩ።

ስሸኝ በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። «እትዬ አሴ፣ ለሰዲቅ እንዳይነግሩት።»

«ኧረ ልጄ፣ እዚያ ሆኖ ይሞታል!»

«ከሰማ በኋላ ቢናገር ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈራው እያለ ይናገር።»

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ሰዲቅ ፂሙን ሳይላጭ መጣ። የሪሀናን እጅ ሰርቆ ያያል፣ ቀለበት ይፈልጋል፣ ሂና ይፈልጋል። እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታዋለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋራዦቹ ጸጥ አሉ።

«የቀረችን የመጨረሻዋ ገጽ ናት» አልኩ። «ደክሞኛል፣ ሁለት ጊዜ አልቀርጽም። ሁለታችሁም ግቡ።»

«አብረን?» አለ ሰዲቅ።

«ሌላ ክፍል አለኝ እንዴ?»

ገቡ። በር ሲዘጋ ትከሻቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። መሀላቸው ማይኩ ቆሟል። ስክሪፕቱ ላይ ያ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው፣ እኔም ምንም አላልኩም። ቀረጻውን ከፈትኩት።

ካፒቴን ቫርጎ ኮፍያውን አወለቀ። አፉን ከፈተ።

«ዶክተር» አለ ሰዲቅ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሰማይ በጣም ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ... እኔ ደግሞ በጣም አንድ ነኝ። ነይ፣ ሁለት እንሁን።»

ልክ ነበር። ፊደል ሳያልፍ ከአፉ ጋር ገጠመ። ካፒቴኑ አፉን ዘጋ። እኔም እጄን ወደ ማቆሚያው ላክሁ። ሰዲቅ ግን ቀጠለ።

«ሪሀና፣ እኔ ሁለት ታክሲ ነው የምመጣው። አንደኛው ላይ ሆኜ የምልሽን አዘጋጃለሁ፣ ሁለተኛው ላይ እሰርዘዋለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚህ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ አባትሽ ጋ ሄጄ ምስር ገዛሁ። እናቴ ሁለት ቀን ምስር ነው ያበላችኝ፤ ለምን እንደገዛሁት ትጠይቀኛለች፣ መልስ የለኝም። ለሌላ ሰው ቃል ሰጥተሽ ከሆነ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዳግመኛ አልናገርም። ግን ዝም ያልኩት ስለማልወድሽ መስሎሽ እንዳትሄጂ። እወድሻለሁ። ያማረ አድርጌ ልለው ፈልጌ ነው የዘገየሁት፤ አላማረልኝም። እወድሻለሁ።»

ስክሪኑ ላይ የኦሊና መልስ መጥቶ ያለ ድምፅ አለፈ። መርከቡ ተነሳ፣ የካርቶን ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፣ የሠራተኞቹ ስም ወረደ፣ ጨለመ። «ከአፉ አለፈ!» ብዬ የምጮኸው እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ፣ ዝም አልኩ።

ሪሀናም ዝም አለች።

ሰዲቅ ጠበቀ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ» አለ፣ ሄድፎኑንም ማውለቅ ጀመረ። እሷ የሄድፎኑን ገመድ ያዘችበት። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ዓይኗን ከዓይኑ አላነሳችም፣ ከንፈሯ ግጥም እንዳለ ነው። ገመዱን አልለቅም አለች። ሰዲቅ ገመዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ቀለበት የሌለባትን እጅ አየ። ትንፋሹ ማይኩ ላይ ሲያጥር ሰማሁት።

«ሪሀና» አለ። «ዝም እያልሽኝ ነው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ልጁ እዚያው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሪሀና ቆማ ጠበቀችው። በመጨረሻ አፍንጫዋን በሂጃቧ ጫፍ ጠረገችና፣

«አባቴ፣ ሽማግሌ ይዘህ ስትመጣ ምስር እንዳትገዛ ብሏል» አለችው።

ታች የቆርቆሮው ድብደባ ጀመረ። ቀረጻው ተበላሸ፤ ሳቅ፣ ለቅሶና መዶሻ ገብቶበታል፣ ለሥራ አይሆንም። ማክሰኞ እንደ አዲስ ቀረጽነው። ያንን ግን አላጠፋሁትም፣ እስካሁን አለኝ።